ቆሞ የቀረ አሮጌ ላንድ ክሩዘርን በትንሽ ገንዘብ ማስነሳት፦ ከሐረር ግቢ እስከ ደንገጎ ዳገት

ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ የቀረ አጭር ላንድ ክሩዘር ገዛሁ። ጎማዎቹ እስከ ቸርኬያቸው አፈር ውስጥ ሰምጠው ነበር። የአየር ማጣሪያውን ስከፍት ውስጡ በደረቀ ሣርና በላባ ተሞልቷል። ያ መኪና ዛሬ ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሳያርፍ ይወጣል። ሥራው ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ዓመት ከአራት ወር ወስዶብኛል። ደመወዜን እየቆጠብኩ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ነው የሠራሁት።

እንዲህ ያለ መኪና ገዝተው ሳይጨርሱት የቀሩ ሰዎችን አውቃለሁ። አብዛኞቹ የተሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ከቀለም ይጀምራሉ፣ ወይም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ይፈቱትና ብሎኖቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ይቀራሉ። ገንዘብ ያነሰው ሰው የሚያተርፈው በቅደም ተከተል ነው። የእኔ ቅደም ተከተል ወረቀት፣ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ሞተር፣ ማቀዝቀዣ፣ ፍሬን፣ የፊት እግር፣ ሽቦ፣ ላሜራ፣ በመጨረሻ ቀለም ነበር።

ምሳሌ የማደርገው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 40 ተከታታይን ነው። በፈረንጆች ከ1960 እስከ 1984 የተመረተ፣ ጠንካራ አክስልና ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ያለው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌለበት መኪና ነው። የእኔው ባለ 3ቢ ናፍጣ ሞተር ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 3,431 ሲሲ። ታይሚንጉ በጥርስ እንጂ በቀበቶ የማይነዳ በመሆኑ ቀበቶ ተበጥሶ ቫልቮላ ይመታል የሚል ስጋት የለበትም። አሮጌ ላንድ ሮቨር ያላችሁም ቅደም ተከተሉን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየግቢው የቆመውን ማስነሳት ከበፊቱ ይልቅ ትርጉም ያለው ሥራ ሆኗል።

ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል

ሊብሬ የሌለው መኪና የብረት ክምር ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን በእጃችሁ ይዛችሁ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲው ጎን ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ጭቃና ግራሶ ስለሚሸፍነው በላምባና በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። ግራይንደር አታስነኩት፤ የተፋቀ ቁጥር ያለው መኪና ስሙን ለማዛወር ስትሄዱ ጣጣ ያመጣባችኋል። ሞተሩ ድሮ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ ከሆነም ያንን ሻጩ ያስተካክል። ነገ አስተካክለዋለሁ ብላችሁ አትግዙ።

ባለቤቱ ሞተው ከልጆች የምትገዙ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ፤ ወራሾቹም ሁሉ ይፈርሙ፣ ወይም ውክልና ይስጡ። እኔ ከሦስት ወንድማማቾች ነው የገዛሁት። አንዱ ጅግጅጋ ስለነበር ውክልናው እስኪመጣ አንድ ወር ጠበቅኩ። ያ አንድ ወር ከባድ ነበር፤ ግን ዛሬ ድረስ እንቅልፌን የምተኛው በእሱ ነው።

መዶሻ ይዛችሁ ሥሩ ግቡ

ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ በር ከሌላ መኪና ይመጣል። የበሰበሰ ሻንሲ ግን ገንዘባችሁን በልቶ አይጠግብም። ስለዚህ መኪናውን ስታዩ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ካርቶን አንጥፉና ሥሩ ግቡ። ትንሽ መዶሻ ያዙ። ከፊት ጀምራችሁ እስከ ኋላ በየጣት ስፋቱ አንኳኩት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውንም ይመልሰዋል። የታመመው ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ዝገቱም እንደ ቅርፊት እየተነሳ ፊታችሁ ላይ ይወርዳል። መነጽር አድርጉ።

በተለይ ሦስት ቦታ ላይ ቆዩ፦ የኋላ ባሌስትራው ሻንሲውን የሚይዝበት ማንጠልጠያ፣ ከኋላ ያለው ተሻጋሪ ብረት፣ እና ከፊት ጎማ ጀርባ ጭቃ የሚጠራቀምበት ማዕዘን። የእኔው መኪና በኋላ በግራ ማንጠልጠያው ዙሪያ መዳፍ የምታህል ቦታ በልቶት ነበር፤ ሌላው ጤነኛ ስለሆነ ገዛሁት። ሁለቱም ጎን እንዲያ ቢሆን ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር።

መኪናው የት እንደኖረ ጠይቁ። የድሬ (የድሬዳዋ) ደረቅ አየር ለብረት ደግ ነው። ጅቡቲ የሠራ መኪና ግን የባሕሩን ጨው ሻንሲው ሆድ ውስጥ ይዞ ይመጣል፤ ላዩ ንጹሕ መስሎ ከውስጥ ይበላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ውሃ የገባበት መኪናም እንዲሁ ነው። በሻንሲው ቀዳዳ ሽቦ አስገብታችሁ ስታወጡ ደለል ይዞ ከወጣ እርጥበት ውስጡ ሲያመላልስ ኖሯል ማለት ነው።

ገንዘቡና ሰዓቱ

ያላችሁን ብር ለሦስት ክፈሉት። አንዱ እጅ መግዣ፣ አንዱ እጅ ለሚታየው ሥራ፣ ሦስተኛው እጅ ሲፈታ ለሚወጣው ጉድ። ሦስተኛውን ሳይነኩ የሚጨርሱ ሰዎች አላየሁም። ዕቃ ስትገዙ ኦርጅናል መሆን ያለበትንና ያገለገለ ቢሆን የማይጎዳውን ለዩ። የፍሬን ጎሚኒ (ላስቲኩ)፣ ኩሽኔታ፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን አዲስና ጥሩ ይሁን። በር፣ ወንበር፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ ያገለገለ ይበቃል። ድሬ ካጣችሁ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ግን አሮጌውን ዕቃ ሳትይዙ ወይም ፎቶውን ሳትልኩ አትዘዙ። የ40 ተከታታይ ዕቃ ከዓመት ዓመት ይለያያል።

ሥራችሁን ጠዋት አድርጉት። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቁልፍ አያስጨብጥም፤ ጋራዡም ለበርጫ (ለጫት) ይበተናል። እኔ ከመካኒኩ ጋር የተስማማነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት የተሠራው ሥራና ከሰዓት በኋላ በድካም የተሠራው ሥራ አንድ አይደለም።

ስትፈቱ አንድ ክፍል ብቻ ፍቱ፤ እሱ ተጠግኖ ሳይገጠም ሌላ አትንኩ። ብሎኖቹን በቲማቲም ድልህ ጣሳ ለየብቻ አስቀምጡና ከየት እንደወጡ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ።

ሞተሩን ለማስነሳት አትቸኩሉ

ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስህተት ይህ ነው፦ ባትሪ ያመጣና ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ይመታል። ዓመታት የቆመ ሞተር ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት ስታዞሩት ፋሻው ይሰበራል፣ ግድግዳውንም ይቧጥጠዋል።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያዎቹን) ፍቱ። በየቀዳዳው የሞተር ዘይትና ናፍጣ እኩል ተቀላቅሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨምሩና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ የፊት ፑሊው ብሎን ላይ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ አግቡና ከፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ በእጃችሁ አዙሩ። ካልሄደ አትታገሉ፤ እንደገና ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁ። የእኔው አራተኛው ቀን ላይ ነው የተላቀቀው። ቁልፉ መጀመሪያ ድርቅ አለ፣ ቀጥሎ እንደ ማር እየተሳበ ሩብ ዙር ሄደ፣ ከዚያ ሙሉ ዙር። ከካንዴላው ቀዳዳ ጥቁር ዘይት ፊው ብሎ ሲወጣ ከመካኒኩ ጋር ተቃቅፈናል።

ቀጥሎ ነዳጁ። የድሮውን ናፍጣ በሙሉ አውጡ፤ ታንኩን ፍቱና እጠቡ። የእኔው ታንክ ሥር እንደ ሬንጅ የረጋ ዝቃጭ ነበር። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀይሩ፣ አዲስ ናፍጣ ሙሉና አየሩን አውጡ። በእጅ የሚመታውን ፖምፓ እየመታችሁ ማጣሪያው ላይ ያለውን ብሎን ላላ አድርጉ፤ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁ። ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ የኢንጀክተሮቹን ቧንቧ ዳዶ አንድ በአንድ አላልታችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። እዚህ ላይ እጃችሁን አርቁ። ከኢንጀክተር የሚወጣ የናፍጣ ርጭት ቆዳ በስቶ የሚገባ ኃይል አለው፤ የገባበት ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት መኪናው ባለ 12 ነው ወይስ ባለ 24 ቮልት የሚለውን አረጋግጡ፤ ሁለቱም ዓይነት አለ። ሞተሪኖው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ካንዴላ ስትገዙም አሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቮልት አይታችሁ ያንኑ ግዙ። እኔ ሻጩ “ይሄ ይሠራል” ስላለኝ ሳላነብ ወሰድኩ፤ አራቱም በአንድ ጠዋት ተቃጠሉ።

የአየር ማስገቢያውን ሊደፍን የሚችል ጠፍጣፋ ጣውላ አጠገባችሁ ይኑር። የናፍጣው ፖምፓ ተጣብቆ ሞተሩ አልጠፋም ቢል አየሩን በመድፈን ብቻ ነው የምታቆሙት። በእጃችሁ ወይም በጨርቅ አትሞክሩት።

ከተነሳ በኋላ ጢሱን እዩ። ነጭ ጢስ ሲሞቅ ከጠፋ ደህና ነው። ሰማያዊው ዘይት ይቃጠላል ማለት ነው፤ ጥቁሩ ከኢንጀክተር ወይም ከታፈነ አየር ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱትና ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት፤ እየተነፈሰ ከገፋው ፋሻው አልቋል። ከሁሉ የሚሻለው ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው። ለ3ቢ ሞተር ጤነኛው በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 30 ኪሎ ነው፤ ከ20 በታች ከወረደ ሞተሩ መከፈት አለበት። የእኔው አራቱም ሲሊንደር ከ24 እስከ 26 ስለነበር አልከፈትኩትም። የቫልቮላውን ክፍተት ብቻ ሞተሩ ሞቆ እያለ መግቢያውን 0.20፣ መውጫውን 0.36 ሚሊ ሜትር አስተካከልነው። ኮምፕሬሽኑ ደህና የሆነን ሞተር “አንዴ እጃችን ከገባ” ብሎ መክፈት የጠባብ ኪስ ጠላት ነው።

የድሬ ውሃ

ድሬ ያደገ ሰው የሻይ ጀበናውን ሆድ ያውቀዋል፤ በጥቂት ወር ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ያ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይሠራል፣ ቴስታታው ውስጥም ይሠራል። የዚህ አገር መኪና የሚፈላው ፀሐዩ ብቻ ስለሆነ አይደለም፤ ቧንቧው በኖራ ስለተደፈነ ነው። የእኔን ራዲያተር ራዲያተር ሠሪው ላዩን በጥሶ ሲያሳየኝ ከቱቦዎቹ ሲሶ ያህሉ ድፍን ብለው ነበር። ሽቦ እያስገባ አንድ በአንድ ጠረገውና መልሶ በየደው።

ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ኮምጣጤ የተቀላቀለበት ውሃ ሞልታችሁ ለግማሽ ሰዓት በዝግታ አስኪዱትና አፍስሱት። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ አይግባበት። ኩላንት ከባትሪ ውሃ (ከተጣራው ውሃ እንጂ ከአሲዱ አይደለም) ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ። ውድ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ነው።

እዚህ ብዙ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል፤ “ለሙቀት አገር አያስፈልግም” ይባላል። አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል። ሥራውን መመርመር ቀላል ነው። በክር አንጠልጥሉና ድስት ውስጥ በውሃ አስገቡት፣ እሳት ላይ ጣዱት። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ መሐሉ ያለው ሳህን ቀስ ብሎ ሲከፈት ታዩታላችሁ። ውሃው ፈልቶ ካልተከፈተ ያኔ ቀይሩት። የእኔው በባለቤቴ ድስት ነው የተፈተነው፤ ድስቱን በሌላ ተክቻለሁ።

ፍሬን

መሄድ ከመቻሉ በፊት መቆም መቻል አለበት። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። የአራቱንም ጎማ ሲሊንደር ፍቱ። ውስጡ በጥልቁ ከተበላ ይቀየር፤ ላዩ ብቻ ከዛገ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይለስልስና ጎሚኒው ይቀየር። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በላምባ አይታጠብም፤ ያብጥና ፍሬኑ ይይዛል። በፍሬን ዘይት ብቻ እጠቡት። ተጣጣፊ የጎማ ቱቦዎቹ ላያቸው ጤነኛ ቢመስልም አሮጌ ከሆኑ ቀይሯቸው።

አየር ስታወጡ ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። መሪው በግራ በሆነው የእኛ መኪና ያ የኋላ ቀኙ ነው። ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በናፍጣው ላንድ ክሩዘር ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኩዩም የሚመጣው ከዲናሞው ጀርባ ከተገጠመች ትንሽ ፖምፓ ነው። ዲናሞ ሲሠራ እሷ ትረሳለች። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፣ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ በትንሹ ወደ ታች መስጠም አለበት። ካልሰጠመ ያቺን ፖምፓና ቱቦዋን መርምሩ።

የፊት እግር

የፊት ጎማው ጀርባ ያለው ክብ ጉልበት ከውጭ በዘይት ርሶ ካያችሁት የውስጡ የዘይት መከላከያ አልቋል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ግራሶው ይገባና ሁለቱ ተቀላቅለው ቡና አተላ የመሰለ ፈሳሽ ይሆናሉ። እኔ ስከፍተው ያ አተላ በክርኔ ላይ ወረደ፤ ውስጡ ያሉት ኩሽኔታዎችም ሰማያዊ ሆነው ነበር። ሙቀት ነው እንዲያ የሚያደርጋቸው።

ሥራው ጽዳትና ትዕግሥት ነው። ሁሉንም በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁ፣ መከላከያዎቹንና ኩሽኔታዎቹን ቀይሩ፣ አዲስ ግራሶ በጣታችሁ እየገፋችሁ ሙሉ። ጉልበቱ ላይና ታች የምታገኟቸውን ቀጫጭን የብረት ሳህኖች እንዳታደባልቁ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች፣ የቀኙን በቀኝ መልሱ። መሪው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ብሎን ውስጥ ተሰብሮ ቀረብኝ። ያወጣልኝ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሙያውን የተማረ አዛውንት ባለ ቶርኖ ነው። ባቡሩ ድሬ ከደረሰበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዚህ ከተማ የብረት ሙያ ከዚያ ነው የፈለቀው። “ጋሼ፣ በመሰርሰሪያ ልብሳው?” ስላቸው “አቦ ተረጋጋ ልጄ፣ ብረት ይለመናል” አሉኝና ዳዶ በላዩ በየዱበት። ቀይ እስኪሆን አሙቀው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ በሁለት ጣት ፈቱት። ከእነዚህ አዛውንቶች የቀሩትን ፈልጓቸው።

ባሌስትራው ላይ ቅጠል ከተሰበረ ቅጠሉን ቀይሩ። አንጥረኛ ጋ በእሳት አጋግሎ ማጎበጥ ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ በሁለት ወር ተመልሶ ይተኛል።

ሽቦ

እዚህ አጭር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የቆመ መኪና ሽቦ አይጥ በልቶታል፣ ቀሪውም ተሰነጣጥቋል። ለመጠጋገን አትድከሙ፤ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምራችሁ ለመብራት፣ ለሞተሪኖና ለዲናሞ አዲስ ሽቦ አስዘርጉ። የመሬቱ ሽቦ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። መብራት የሚያንቦገቡገው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ላሜራና ቀለም

አሁን ብቻ ነው ወደ ውበቱ የምንመጣው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ፍቱ። ታንኩንም አውጡ፤ በብዙዎቹ የቀድሞ ሞዴሎች የነዳጁ ታንክ የተሳፋሪው ወንበር ሥር ስለሆነ ወለል ሲበየድ ብልጭታው በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ባትላሜራውን አንድ ነገር አስምሉት፦ በቀዳዳ ላይ ስቱኮ አይለጥፍ። የዛገው ብረት ጤነኛው እስኪገኝ ይቆረጥ፣ በ1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላሜራ ይተካ፣ ብየዳው ይፋቅ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ። ስቱኮ ከዚያ በኋላ ትንሿን ጉድጓድ ለማለስለስ ነው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ በዚህ ሙቀትና በኮረኮንች መንገድ ተሰንጥቆ ይወድቃል። ለሻንሲው ግን ቀጭን ላሜራ አይሆንም። የእኔውን የተበላ ማንጠልጠያ በ4 ሚሊ ሜትር ብረት ነው ያስጠገንኩት።

ቀለም ድሬ ውስጥ የሚቀባው ማለዳ ነው። ከረፋዱ በኋላ ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፤ ንፋሱም አቧራውን ይዞ ይመጣል። ወለሉን ውሃ ረጭታችሁ ሥሩ። ቀለም ለመለወጥ ካሰባችሁ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ መጀመሪያ አስፈቅዱ። እኔ የቀድሞውን የአሸዋ ቀለም መለስኩለት። ሙቀት አይስብም፣ አቧራም አያሳይም።

ደንገጎ

የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው ድሬ ሰፈሮች ውስጥ፣ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ከዚራ ተመላለሱ። በየመንገዱ ቆማችሁ አራቱንም ሞዞ (የጎማውን መሐል) በእጃችሁ ዳብሱ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። የጎማ ዳዶዎቹንና ባሌስትራውን ከአክስል የሚያስሩትን የታጠፉ ብሎኖች መልሳችሁ አጥብቁ፤ አዲስ ሥራ ሁሌም ይላላል።

ከዚያ በማለዳ ወደ ሐረር ውጡ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱ ግን መኪናውን አፍ አውጥቶ ያናግረዋል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ጋዙን ሳትጨቁኑ፣ ዓይናችሁን ከሙቀት መለኪያው ሳትነቅሉ። መርፌው ከመሐል አልፎ ከወጣ ጥግ ያዙና ሞተሩን ሳታጠፉ በዝግታ ይሥራ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይቀዘቅዝ አትንኩ። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም።

500 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ የሞተሩን ዘይት ቀይሩ። የሚወርደውን ዘይት በነጭ ሳህን ተቀበሉና ፀሐይ ላይ አዘንብላችሁ እዩት። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለው ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ሽፋን) እየተበላ ነው፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጥቁር ብቻ ከሆነ የናፍጣ ሞተር ዘይት መልኩ ያ ነው፤ አዲሱን ሙሉና ንዱ።